ማብቂያውን እኔ የያዝኩት ዙር

ጀማሉን መጀመሪያ ያየሁት መሬት ላይ ተንበርክኮ የተበተኑበትን፣ ፕሮግራም እየተበሳ የሚጻፍባቸውን የኮምፒዩተር ካርዶች ሲለቅም ነው። ዘመኑ 1964 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር በጣት ይቆጠራል።

«እህቴ፣ እንዳትረግጫቸው! በኋላ ትጠርጊያለሽ።»

«ጠራጊ አይደለሁም። እንዳንተው ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ።»

እፍረት የሚገባበት አሳጣው... ያኔውኑ ወደድኩት። የወልቂጤ ልጅ ሲያፍር ያምራል!

የምሠራው ፕሮግራም ሌሎች ፕሮግራሞች ማሽኑ ላይ ከመጫናቸው በፊት ዙሮቻቸውን፣ ማለትም ማሽኑ እየደጋገመ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች፣ አንብቦ ስንት ሰዓት እንደሚፈጁ የሚገምት ነበር።

«ዙር የሚያልቀው በውስጡ የሆነ ነገር ሲለወጥ ነው» አስረዳዋለሁ። «ካልተለወጠ ዘላለም ይዞራል።»

«እኔስ አንቺን ዘላለም ብዞር?» ይለኛል። ይህን ሰምታ የማትሞኝ ካለች ትምጣ!

አንድ ቀን አለቆቻችን ፊት ቆሞ «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ፕሮግራሜን አቀረበ። ተጨበጨበለት፤ ተሾመ።

«ልንጋባ አይደል? የእኔ፣ የአንቺ ምን አለው?» አለኝ።

ሥራዬን ለቅቄ ቡታጅራ አባቴ ቤት ገባሁ። በቀሌን ግን ይዤ ነው የገባሁት።

ጀማሉ የላካቸው ሽማግሌዎች ከወልቂጤ በአዲስ አበባ ዞረው፣ አቧራ ለብሰው፣ ጫታቸውን ታቅፈው መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አቶ ሸምሶ። ልጅዎን ለልጃችን ብለን...»

አባቴ እንደመከርኳቸው «እናስብበት፤ ተመለሱ» አሏቸው። ተመለሱ። እንደገና «ተመለሱ» ተባሉ። ክረምት ገባ፤ በጭቃ መጡ። እኔ በር ጀርባ አፌን ይዤ እስቃለሁ።

በመጨረሻ ጀማሉ ራሱ መጣ። ገበያ መሀል አገኘኝ።

«ሳሌሃ፣ ሽማግሌውን ጋሽ ሰይዶን ወገባቸውን ያዛቸው እኮ! አባትሽ እስከ መቼ ነው የሚያመላልሷቸው?»

«ዙር ገማች አይደለህ? ገምታ!»

ቆመ። አሰበ።

«ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ የሚናገሩት ያንኑ ነው... ምንም አይለወጥም... አያልቅም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ምኑን ልለውጥ?»

«ይሄንንም እኔ ልሥራልህ?»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ዕንባዬ መጣ፤ ግን አልጠራሁትም።

ብዙም ሳይቆይ የሥራ ባልደረባዬ ሰፍያ ወሬውን ይዛ ከች አለች።

«ጉድ! አለቆቹን ሰብስቦ "ፕሮግራሙ የሳሌሃ ነው፤ የሰረቅኳት እኔ ነኝ" አላቸው። ሹመቱን ገፈው ካርድ በሺ አደረጉት። ቦታው የአንቺ ነው፤ ነይ ብለውሻል።»

ደስ አለኝ? በደንብ አድርጎ!

ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲመጡ ጋሽ ሰይዶ በከዘራ ተደግፈው ነበር።

«አቶ ሸምሶ፣ ልጃችን ልጅዎን በድሏል። ሹመትም የለው። ይወዳታል፤ ሌላ የምንለው የለንም።»

አባቴ ወደ በሩ ዞሩ። እኔም ወጣሁ።

«አባባ... እሺ ይበሏቸው።»

ለዓረፋ ተጋባን። አሁን እኔ አለቃው ነኝ። ከሠርጉ በኋላ ሥራ የገባን ቀን ካርዶቼን ሲበሳ ቆይቶ ቀና አለ።

«ተበቀልሽኝ አይደል?»

«አዎ!»

«ይቅር ብለሽኛል ግን?»

«እሱን ጀምሬዋለሁ» አልኩና ግንባሩን ሳምኩት።