የሶኮትራ የመጨረሻ ፊደል

የቋንቋ ተመራማሪው ዶክተር እምሩ ሳን ሊያንድሮ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ከነጩ ሰሌዳ ሥር ተዘርረው፣ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ መትቶታል። ፖሊስ «ወድቀው ነው» ብሎ ሄደ። ልጃቸው ሳሌም ግን አልተቀበለችም፤ የግል መርማሪዋን ሮማነወርቅን ጠራች።

«አባዬ ይሄን አይጽፍም። ኔቨር!» አለች ወደ ሰሌዳው እያመለከተች።

ሰሌዳው ላይ የሶኮትራ ደሴት ስም በዐረብኛ ተጽፏል፤ ከሥሩም «የጠብታ ገበያ ማለት ነው» ይላል። ብዙዎች ስሙን «ሱቅ» (ገበያ) እና «ቀጥራ» (ጠብታ) ከሚሉት የዐረብኛ ቃላት ያወጡታል፤ ጠብታው ከደሴቲቱ ዛፍ የሚንጠባጠበው ቀይ ሙጫ ነው። እምሩ ግን ስሙ ከዐረብኛው ይቀድማል፣ ገበያው ኋላ የተለጠፈ ተረት ነው ሲሉ ኖረዋል። በማግስቱም ዳውንታውን ኦክላንድ፣ ሕዝብ ፊት ይህንኑ ሊናገሩ ነበር።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ መንበረ ካርቱም ያደጉ ናቸው፤ ዐረብኛ ይጽፋሉ። «የዚያን ቀን ጧት ሰሌዳውን የወለወልኩት እኔ ነኝ። ባዶ ነበር» አሉ።

የእምሩ የድሮ ባልደረባ አቶ ንጉሤ «የጠብታ ገበያ» የሚለውን ሐሳብ በመጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው። «ከፋሲካ ወዲህ ቤቱን አልረገጥኩም። ስለ ሰሌዳው ሳሌም ነገረችኝ፤ በመጨረሻ ገብቶታል ማለት ነው» አሉ።

ሮማነወርቅ ሁለቱንም ለየብቻ የደሴቲቱን ስም በዐረብኛ አስጻፈቻቸው። ከዚያ ሁሉንም እዚያው ቤት ሰበሰበች።

«ልጄ፣ ይቅርብሽ» አሉ ንጉሤ ሳሌምን። «የሐበሻን ስም አታስጠፊ።»

«ኖ! አባዬ ዝም ብሎ አያውቅም፤ እኔም አልልም።»

ሮማነወርቅ ወደ ሰሌዳው ቀረበች። «የዚህ ስም አጻጻፍ መጨረሻው ላይ ይለያያል። አንዳንዱ አሊፍ በሚባለው ቀጥ ያለ ፊደል ይዘጋዋል፤ አንዳንዱ ያእ በሚባለው ፊደል፣ ያለ ነጥብ። ዶክተር እምሩ ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት በያእ ነው። ይሄ አሊፍ ነው፤ የእሳቸው እጅ አይደለም። ወይዘሮ መንበረ በያእ ጻፉልኝ። እርስዎ ግን፣ አቶ ንጉሤ፣ በአሊፍ።»

«በአሊፍ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ!»

«እውነት ነው። ለዚህ ነው የማዶውን ቤት የበር ካሜራ ያየሁት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የገቡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ንጉሤ አንገታቸውን አልደፉም። «ሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር። ተው አልኩት፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ከዚያ ያመነ እንዲመስል ጻፍኩ።» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ስሙ ግን የገበያ ነው! እስር ቤትም ሆኜ እላለሁ!»

«ይበሉ» አለች ሮማነወርቅ፣ በሩን ውጭ ሲጠብቁ ለነበሩት ፖሊሶች እየከፈተች። «በደሴት ስም የሚከስዎ የለም። የሚከሰሱት በሰው ነፍስ ነው።»