የስክሪኑ እጅና የሸሚዙ ቁልፍ

መጀመሪያ ያየችው ዓይኑን አይደለም፤ የሸሚዙን ቁልፍ ነው። ከላይ ሦስተኛዋ የለችም! ልብስ ሰፊ ናትና ምን ታድርግ፣ ዓይኗ እዚያው ተተክሎ ቀረ።

«እባክዎ እጅዎን እዚህ ያሳርፉ» አላት ተመራማሪው፣ ክንዷ ላይ ተለጣፊ ሽቦዎች እየደረደረ።

«እርስዎ? አክስትህ መሰልኩህ እንዴ?»

አፍሮ አቀረቀረ። እሷም በሆዷ ሳቀች።

አደጋ ከደረሰባት ወዲህ ቀኝ እጇ መርፌ ጨብጦ አያውቅም። ሐኪሞች የተበጠሰውን ነርቭ ሰፍተውላታል፤ ይመለስ አይመለስ ግን ማን ይወቅ? የእሱ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው፤ ነርቭ እንዴት ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ ጡንቻ እንዴት እንደሚታዘዝ በኮምፒውተር ይቀምራል። የእሷን ልክ ወስዶ፣ በሽቦዎቹ ክንዷን እየተከተለ የሚንቀሳቀስ ሌላ እጅ ስክሪኑ ላይ ሠራላት።

«እኔ ልብስ በልክ እሰፋለሁ፤ አንተ እጅ በልክ ትሰፋለህ! እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው የሰጠህ?»

ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ... ወይ አምላኬ! ከዚያ ወዲህ የቀጠሮዋ ቀን ማክሰኞ እስኪደርስ መቁጠር ሆነ ሥራዋ።

በሦስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ፣ የስክሪኑ እጅ ጣቶቹን ሊጨብጥ ጀመረና መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«እንጃ... ትእዛዙ የደረሰው አይመስልም» አለ ለራሱ።

እሷ ግን ሰማች። ልቧ ስንጥቅ አለ። ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጣች።

ሁለት ማክሰኞ ቀረች። ስልኩንም አላነሳችም። ከንፈሩን እንዲመጥጥላት አልፈለገችም፤ ያውም እሱ!

«እትዬ፣ የስፌት መኪናዬን ውሰጂው። ለእኔ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?» አለቻት ታላቅ እህቷን።

እህቷ መኪናውን ልታስጭን የመጣች ዕለት፣ እሱ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ሱቋ በር ላይ ድንገት ከተፍ አለ። ሸሚዙ ያው ነው፤ ሦስተኛዋ ቁልፍ አሁንም የለችም።

«እጅሽ ሞቷል ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ምን ስትሠሪ ነበር?»

ሰምታ እንዳልሰማች ጨርቅ ማጠፍ ያዘች። እህቷ ግን መች ልትችል!

«ምን ትሠራ! ጎበዝ ልምሰለው ብላ፣ ከነጋ ጀምሮ አንዲት ቁልፍ ልትሰፋ ስትታገል ነዋ! መርፌው ሲወድቅ ስታነሳ፣ ሲወድቅ ስታነሳ!»

«እትዬ!»

እሱ ጨርቅ ክምሩ ላይ ዘፍ አለ።

«እኔ ሞኙ ያረፈ እጅ ነው ብዬ ቀመርኩት! ነርቭሽ እኮ ትእዛዝ ሲሰጥ ነበር፤ እንዲያውም አብዝቶ ሲሰጥ ነበር። የደከመው ጡንቻው ነው። ቀመሩ ውስጥ ድካሙን ሳስገባ ልክ እንዳንቺ እጅ ሆነ። ዕረፍት ስሰጠው ደግሞ... ነይ እይው።»

የስክሪኑ እጅ ቀስ ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ተጨበጠ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ግን ታርፊያለሽ! እንዳንቺ ያለ ልበ ሙሉ አይቼ አላውቅም።»

ዓይኗን ጠርጋ ሸሚዙን አየች።

«ይህቺን ቁልፍ ለምን አታሰፋትም?»

«ካንቺ ሌላ ማን ይነካታል ብዬ...»

የስፌት መኪናው ከቦታው አልተነሳም። ከአምስት ወር በኋላ፣ በደንብ ባረፈ ቀኝ እጇ ያቺን ቁልፍ ሰፋችለት። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ ቁልፏም ጠመመች።

በሠርጋቸው ቀን ከአዲሱ ኮት ሥር ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ስታየው ደነገጠች።

«ጠማማ ናት እኮ! ቆይ፣ ላስተካክላት።»

እጇን ያዘው፤ እሷም መልሳ ጥብቅ አድርጋ ጨበጠችው።

«እንዳትነኪያት!»