ከሊንኩ ስር ብቅ ያለው ምስል

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ።

ደግሞ ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር የምላችሁ እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የኮምፒውተሬን ስክሪን አላሳይ ብላኝ ነበር።

ድረ ገጽ የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ለሰው ሊንክ ስትልኩ ከስሩ ምስል፣ ርዕስና ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቅ ይላል አይደል? ሊንኩ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ያ ነገር በትክክል መውጣቱን የምታይ ሰው አለች። እኔ ነኝ። ሳይቀርብ ቀምሼ የማሳልፍ ስለምመስላቸው በቢሮው "ቀማሿ" ይሉኛል።

የዚያን ቀን የደረሰኝ የአንዲት ኬክ ጋጋሪ ገጽ ነበር።

ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ፕሮግራመራችን ምሳውን እየበላ፣ "ቀማሿ፣ ቶሎ በይ። ሴትዮዋ ስምንት ሰዓት ላይ ልትለቀው ነው" አለኝ።

ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለራሴ ላክሁት። ርዕሱ ትክክል ነው። "ዛሬ ጠዋት የተጋገረ።"

ምስሉ ግን...

ኬክ አይደለም።

የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ነው። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያለው ዓይነት። በክዳኑ ሽንቁሮች ጥቁር ፀጉር ወጥቶ ተኝቷል። እርጥብ። በሳሙና አረፋ የተለወሰ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሞቴ ነው። ከራሴ ማበጠሪያ ላይ ያለውን ፀጉር እንኳ በሶፍት ይዤ ነው የምጥለው።

"ይሄ ምን የሚሉት ቀልድ ነው?" ብዬ ስክሪኑን ወደሱ አዞርኩት።

የጎረሰው አፉ ውስጥ ቀረ።

"እኔ ያስገባሁት ኬክ ነው" አለ። ከፍቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው። ገጹ ላይ ያለው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ ነጭ ኬክ በነጭ ሳህን። "አሮጌ ምስል ይዞ ይሆናላ። እንደገና አስነብቢው።"

ይሄ ያጋጥማል። እንደ ቴሌግራም ያሉ መድረኮች መጀመሪያ ያዩትን ምስል ይዘው ያስቀምጣሉ፤ ገጹ ቢቀየርም የቀድሞውን ያሳያሉ። ስለዚህ ገጹን እንደገና እንዲያነቡ የሚያዝ ቁልፍ አለ።

ተጫንኩት።

ምስሉ ተቀየረ።

ያው ቀዳዳ ነው... ግን ቀረብ ብሏል። ፀጉሩም ጨምሯል። ከስር ገፍቶ ክዳኑን ትንሽ አንስቶታል።

ምስሉን በመዳፌ ሸፈንኩት።

አሁን ያጠፋሁትን ጥፋት ልንገራችሁ።

እንዲህ ግራ ሲገባኝ ሊንኩን አይቶት ለማያውቅ ስልክ እልከዋለሁ። ያ ስልክ የእናቴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠራነው። እኔ እልካለሁ፤ እሷ ቤት ቁጭ ብላ፣ ሊንኩን ሳትነካ፣ የታያትን በድምፅ ትነግረኛለች። "ልጄ፣ ቀይ መኪና ነው።" "ልጄ፣ አንድ የሚስቅ ሐኪም ነው።" ትወደዋለች። ሥራ እንደያዘች ነው የምትቆጥረው።

እጄ ለምዶበት... ላክሁላት።

ድምፅዋ ወዲያው መጣ።

"ልጄ... ይሄ የኛ መታጠቢያ ቤት አይደለም እንዴ?"

ምስሉን ልብ ብዬ አየሁት። ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ሴራሚክ አለ። የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ፣ ባልዲ ጥዬበት። ክዳኑ ላይ ነጭ ክር ታስሯል። ለማንሳት እንዲመቻት ያሰረችው እናቴ ናት።

ሳምንቱን ሙሉ "ውሃው አልወርድ አለ፣ እስቲ እይልኝ" ስትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ እየቀፈፈኝ "ቅዳሜ አጸዳዋለሁ" እያልኩ አሳለፍኩት።

ሌላ ድምፅ ገባ።

"ቆይ እስቲ ሄጄ ልየው።"

"እማ፣ እንዳትገቢ!" ብዬ መለስኩላት። አልሰማችውም። ደወልኩ... አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ... አይነሳም።

ፕሮግራመሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል።

"በተጫንሽው ቁጥር... እየወጣ ነው" አለኝ በሹክሹክታ።

"አይቻለሁ።"

"በቃ እንዳትነኪው።"

"እናቴ እዚያ ናት!"

"እኮ! እንዳትነኪው።"

ምን ላድርግ? ቤት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እናቴን የማይበት ሌላ መንገድ የለኝም። ቁልፉ ደግሞ እጄ ስር ነው።

ተጫንኩት።

ክዳኑ ተገልብጧል። ፀጉሩ ወለሉን ሞልቶታል፤ ዝልግልግ ያለ፣ ግራጫ ነገር ተለጥፎበታል። መሃሉ ላይ የእናቴ ሮዝ ነጠላ ጫማ አለ። አንዱ ብቻ። ፀጉሩ ዙሪያውን ጠምጥሞታል።

ከስሩ አሁንም "ዛሬ ጠዋት የተጋገረ" ይላል።

ፕሮግራመሩ አፉን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ። እኔ ወደ ቤት።

በሩ ገርበብ ብሏል። እናቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች። ደህና ናት! አቅፌ አለቀስኩ። አንድ እግሯ ባዶ መሆኑን ያየሁት ስለቃት ነው።

መታጠቢያ ቤቱን ሄጄ አየሁት። ወለሉ ደርቋል። አንዲት ዘለላ ፀጉር የለም። ውሃ ባፈስበት ቀዳዳው ጭልጥ አድርጎ ወሰደው።

"እማ... ማን አጸዳው?"

"እኔ ነኛ።" ጣቶቿን ትልሳለች። "ያን ኬክ ላክሽልኝ አይደል? እንዴት ይጥማል መሰለሽ!"

ሳቀች።

ጥርሷ መሃል አንድ ፀጉር ተሰክቷል። ረጅም። ጥቁር። እርጥብ። እናቴ ፀጉሯ አጭር ነው፤ ከሸበተችም አስር ዓመት አልፏታል። የእኔ ደግሞ ከጆሮዬ አያልፍም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኔ ያን ሁሉ የምጸየፈው ሴት፣ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብኩት። መጣ... መጣ... መጣ። ሞቃት ነው። አያልቅም።

እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተይው" አለችኝ ቀስ ብላ። "እየበላሁ እኮ ነው።"

ያን ዕለት እራት አልበላችም። በማግስቱም ቁርስ አልነካችም። "ጠግቤያለሁ" ትላለች። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰና ደህና ናት ብሎ መለሰን። እጁን ግን ሁለት ጊዜ ታጠበ።

ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ስገባ ፕሮግራመሩ ፊቱ በርቷል።

"ተስተካክሏል! ነይ እዪው።"

አየሁት። እውነትም ኬክ ነው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ በነጭ ሳህን። ማንም ቁልፉን አልተጫነም፣ ራሱ ነው የተቀየረው። ፕሮግራመሩ "ተገላገልን" ብሎ ከትናንት ጀምሮ የምትጠብቀውን ሊንክ ለጋጋሪዋ ሊልክላት ሲል... እጁን ያዝኩት።

"አስጠጋው እስቲ።"

አስጠጋው።

ከኬኩ አንድ ቁራጭ ተቆርጧል። ገጹ ላይ ባለው ምስል ግን ኬኩ ሙሉ ነው። የተቆረጠበት ውስጡ... ጥቁር ነው። እርጥብ ነው። የሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ታስሯል።

ስልኬ ጮኸ። የእናቴ ድምፅ ነው። እኔ ምንም አልላክሁላትም።

ከፈትኩት። መጀመሪያ የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነው። የምታኝከው ነገር ይሳባል እንጂ አይቆረጥም። ከዚያ አፏን እንደሞላች...

"ልጄ፣ ቀሪውን መቼ ነው የምትልኪልኝ?"