ያልታጠፈው ፔዳል

የጽሑፍ አራሚው በማተሚያ ቤቱ ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ ሞቶ የተገኘው ገና በጧቱ ነበር። ታጣፊ ብስክሌቱ እንደ ሻንጣ ተጣጥፎ አጠገቡ ተጋድሟል። በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች፣ ዘበኛው፣ ኃላፊውና ጠራዡ፣ ሁሉም «ተሸክሞት ሲወጣ አደናቅፎት ነው» አሉ።

ሚስቱ ግን ጥፋቱን የወሰደችው ለራሷ ነው። ባሏ ጎማው ሰፋ ያለውን ብስክሌት ወድዶ ሳለ፣ «መተላለፊያችንን ይዘጋዋል፣ ይሄ ታጣፊው ይሻላል» ብላ ያስቀየረችው እሷ ናት።

«በገዛ እጄ ነው የገደልኩት» አለችው መርማሪውን።

መርማሪው ነገር ከሥሩ ካልያዘ የማይረካ ጎልማሳ ነው። «ሲገዛ አብሯችሁ ማን ነበር?»

«ወንድሜ። ጠራዡ ማለት ነው። በሁለት አውቶቡስ ስለሚመላለስ ለራሱም ሊያማርጥ ነው የመጣው።»

«ባለቤትዎ እንዴት ነበር የሚያጥፉት?»

«መጀመሪያ ፔዳሉን። አንዴ የግድግዳ ቀለም ልጦብኝ ተቆጥቼው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ረስቶ አያውቅም።»

መርማሪው ዘበኛውን ጠየቀ።

«በሩ ላይ አጥፎት ነው የገባው» አለ ዘበኛው። «በሩ ጠባብ ነው። ፔዳሉ ወጥቶ ቢሆን አያሳልፈውም።»

ከዚያ ወደ ብስክሌት ሱቁ ሄደ፤ ሲመለስ አራቱንም መጠረዣ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሚስቲቱ ከወንድሟ ጎን ቆመች።

«እንደ ቃላችሁ ከሆነ ብስክሌቱ አብሮት አሥራ ሁለት ደረጃ ተንከባሏል» አለ መርማሪው። «አንድ ጭረት የለበትም። ስለዚህ አልወደቀም፤ ሰው ነው ያስቀመጠው። ደግሞ ሲገኝ ፔዳሉ እንደወጣ ነበር። በበሩ ያለፈው ግን ታጥፎ ነው። ብስክሌቱ ሲዘረጋ ፔዳሉ በራሱ ይወጣል፤ ሲታጠፍ ግን በእጅ ካልታጠፈ እንደወጣ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ተዘርግቶ፣ እንደገና ታጥፏል።»

ኃላፊው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ። ትናንት እንዲያጥፉት ብሰጥዎ አቅቶዎታል። ዘበኛው ደግሞ በየጧቱ ሲታጠፍ ስለሚያይ ፔዳሉን መቼም አይረሳም። ያጠፈው ሰው ማጠፍ ይችላል፣ ፔዳሉ እንደሚታጠፍ ግን አያውቅም። ሱቁ ለማሳያ ያቆመው ብስክሌት ፔዳሉ አይታጠፍም። በእሱ ላይ ሦስቴ የተለማመደ አንድ ደንበኛ እንደነበር ሻጩ ነግሮኛል።»

ሚስቲቱ ወደ ወንድሟ ዞረች። አላያትም።

«አንድ ሳምንት አውሰኝ አልኩት» አለ ጠራዡ ወለል ወለሉን እያየ። «አንድ ቀን እንኳ ደግሜ ካረፈድኩ እባረራለሁ። እንቢ ሲለኝ ተናደድኩና እዚያው ደረጃው አናት ላይ ቀምቼ ዘረጋሁት። ሊያስጥለኝ ያዘው፤ መነጨቅኩት፣ እጁ አመለጠውና ወደቀ። ከዚያ ፈራሁ። አጥፌ አጠገቡ አስቀመጥኩት።»

«ለምን እንቢ አለህ?» አለ መርማሪው።

ጠራዡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «‹እህትህ አታውሰው ብላኛለች› አለኝ» አለ።

እውነትም ብላለች። ባሏ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት፣ የራት ማዕድ እያነሳች፣ «ለወንድሜ እንዳታውሰው፤ የያዘውን ሁሉ ይሰብራል» ብላለች። ይህንን ለመርማሪውም አልነገረችውም።

«ብስክሌቱን ስታጥፍ እሱ ይተነፍስ ነበር?» አለችው ወንድሟን።

ጠራዡ እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ይተነፍስ ነበር።»

ዘበኛው ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ልትረግመው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እምቢ አላት። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የወንድሟ ድምፅ አልነበረም፤ ራት እያነሳች የተናገረችው የራሷ ድምፅ ነበር።