ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ቃል

«እናቴ፣ ልጅዎ ሰው በገደለው ኮምፒውተር ላይ ምን ሲሠራ ዋለ?»

ኢንስፔክተር ጦና ንግሥቲን በጎረቤቷ ቤት እንዲህ ብሎ ጠየቃት። ፊደል መቁጠር የጀመረችው በዚያው ዓመት፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ኮምፒውተር ለእሷ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤቷ መምህር ጌታሁን ትናንት ማታ ኮምፒውተሩ ሥር ተዘርሮ ሞተ፤ ያንን ኮምፒውተር ሲነካካ የዋለው ደግሞ ልጇ አሮን ነው። ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል። ከለቅሶው ድንኳን የሚወጣው ሰው ሁሉ ልጇን በጎሪጥ ያየዋል።

ኢንስፔክተር ጦና ከኮምፒውተሩ ብረት ሳጥን ጀርባ ጎንበስ አለ። የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሳጥኑ ጋር ታስሯል። ሟቹ ሲመሽ እግሩን ታጥቦ፣ በእርጥብ እግሩ እዚያ የመቀመጥ ልማድ ነበረው።

«አንተ ነህ ያሰርከው?»

«ኧረ እኔ ሊኑክስ ነው የጫንኩላቸው ጋሼ!» አለ አሮን። «ነፃ ነው፤ አይገዛም። የድሮው ዊንዶውስ የተሰረቀ ቅጂ ነበር፣ ቫይረስ ጨርሶታል። መጀመሪያ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ አስቀመጥን። አዲሱን ከራሱ ድረ ገጽ አውርጄ አለመበረዙን አጣራሁ። በመጨረሻ ዲስኩን በሙሉ በይለፍ ቃል ቆለፍነው፤ ያለ እሱ ኮምፒውተሩ አይከፈትም።»

«ቃሉን ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም። መምህሩ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የጻፉት።»

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

«በኦቶና መንገድ ብቻዬን ስሄድ ነበር።»

«ማን አየህ ልጄ?» አለች ንግሥቲ።

«ማንም።»

ሄዳ ልጇ አጠገብ ቆመች።

የሟቹ ሚስት ሳምራ እንባዋን ዋጥ አደረገች። «ያስቆለፈው ባሌ ነው። ጉኑኖ ስላለው የአባቱ መሬት ሽማግሌዎች የመሰከሩበት የተቀዳ ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ሞተዋል። በሌለንበት እየገባ ሊያጠፋው የሚሞክር ሰው ነበር። ትናንት ሥራው ሲያልቅ ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፤ አልነዘረኝም። ከዚያ ሦስታችንም አብረን ወጣን፤ እኔና ባሌ ወደ ጸሎት ሄድን።»

ጦና እናትና ልጁን ወደ ጓሮ አስወጥቶ የሟቹን ታናሽ ወንድም ኤርሳዶን አስጠራ።

«ሽቦና ገመድ የማይለይ ጎረምሳ ጠጋኝ ነኝ ብሎ ወንድሜን ጨረሰው!» አለ ኤርሳዶ። «አመሻሽ ላይ እኔ ራሴ መጥቼ ማመልከቻ ጻፍኩበት፤ ምንም አልሆንኩም። ስወጣ አሮን ተመልሶ ሲገባ አየሁት።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

«ኮምፒውተሩን በምን ከፈትከው?»

«ኤዲያ! ቃሉ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ሶዶ ውስጥ የማይለጥፍ ማን አለ?»

ጦና ሽቦውን አስፈትቶ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበ። «ኤርሳዶ፣ እስቲ እንደ ትናንቱ ክፈተው።»

ኤርሳዶ ከወረቀቱ እያየ ጻፈ። ቃል የሚጠይቀው ጥቁር ገጽ አልተከፈተም። ደገመ፤ ሰለሰ።

«ያ የድሮው ቃል ነው» አለ አሮን ቀስ ብሎ። «ልገንጥለው ስላቸው ‹ተወው፣ ሌባ ይድከምበት› አሉ።»

«እንግዲህ ስሙ» አለ ጦና። «ሳምራ ስትወለውለው ሽቦው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻውን የገባው ኤርሳዶ ነው፤ ራሱ ነገረን። አሮን ተመለሰ የሚለው እሱ ብቻ ነው። ጻፍኩበት ያለው ውሸት ነው፤ ከፍቶት ቢሆን ኖሮ ቃሉ መቀየሩን ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዋሸ? ሽቦው ከእሱ በኋላ የታሰረ እንዲመስል ነዋ! በፊት ድምፁን ማጥፋት ቢያቅተው ባለቤቱን አጠፋ።»

«መሬቱ የእኔም ነው!» ብሎ ጮኸ ኤርሳዶ።

«ወንድምህስ?» አለችው ሳምራ።



ኤርሳዶን ፖሊሶች ወሰዱት። አሮን ነፃ ነህ ተባለ፤ ሰው ግን ኮምፒውተር ሊያሠራው ቀርቶ እጁን ሊጨብጠው ፈራ። እናቱ «ይረሳል ልጄ፣ ትንሽ ታገስ» ብላ ብትለምነውም በወሩ ወደ ሀዋሳ ሄደ። ንግሥቲ ያለ ልጇ፣ ሳምራ ያለ ባሏ ቀሩ።