የአባባ ፊት የት ሄደ?

ስልክ ገና ፎቶ ማንሳት ባልተማረበት ጊዜ፣ በደሴ ከተማ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ትርንጎ የምትባል ቀዥቃዣ ልጅ ነበረች።

ትርንጎ አንድ ቦታ መርጋት አትችልም። «ቁጭ በይ፣ ትርንጎ» ሲሏት ቁጭ ትላለች። ከዚያ ብድግ!

ምሳ ሲቀርብ ቁጭ። ከዚያ ብድግ!

ፀጉሯን ስትሠራ ቁጭ። ከዚያ ብድግ! ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተንጨባረረ ውጭ የወጣችበት ቀን ብዙ ነው።

«ይቺ ልጅ የምትቀመጥበት ሁሉ እሾህ አለው መሰለኝ» ትላለች እናቷ።

ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። ነገ ሊነጋጋ ሲል አባባ ይመር ይሄዳሉ።

አባባ ይመር የእናቷ አባት ናቸው። ቤታቸው መካነ ሰላም ነው፤ በአውቶቡስ ተሂዶ ተሂዶ ነው የሚደረሰው። የሚመጡት በዓመት አንዴ ብቻ ነው።

አባባ አንድ የፊት ጥርስ የላቸውም። ሲስቁ በዚያች ቀዳዳ ነፋስ ይወጣል። «ፍስስስ!»

ትርንጎ ከድምፅ ሁሉ የምትወደው ይሄን ድምፅ ነው። እስቲ አንተም፣ አንቺም ሞክሩት። «ፍስስስ!»

አምና አክስቷ ይርገዱ አባባን ፎቶ አንስታቸው ነበር። አክስት ይርገዱ ፎቶ አንሺ ናት። የራሷ ፎቶ ቤት አላት።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ፣ የአባባ ጋቢ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ታየ። ከጋቢው በላይ ግን ጥላ ብቻ ነበር። ዓይን የለም። አፍንጫ የለም። የጥርሳቸው ቀዳዳም የለችም።

አባባ ፎቶውን አገላብጠው አዩት። «ጋቢዬስ አምሮበታል» አሉ። «እኔ የት ሄድኩ?»

ሁሉም ሳቀ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

ዓመቱን ሙሉ፣ አባባ በናፈቋት ቁጥር ፎቶውን ከትራሷ ሥር ታወጣለች። ወደ መስኮቱ ታስጠጋዋለች። «አባባ፣ የት ሄዱ?»

ጋቢው ዝም ይላል።

ስለዚህ የዛሬው ፎቶ የአባባን ፊት ማውጣት አለበት። ዛሬ ካልሆነ ለከርሞ ነው። ከርሞ ደግሞ ሩቅ ነው።

አክስት ይርገዱ ካሜራዋን ይዛ መጣች። «ፊልሙ ውስጥ የቀረችኝ አንዲት ፎቶ ብቻ ናት» አለች። «ሌላ ፊልም ከአዲስ አበባ የሚመጣልኝ ቅዳሜ ነው። አንዴ ቀጭ፣ አለቀ።»

«አንዴ ቀጭ፣ አለቀ» አለች ትርንጎም።

«አባዬ፣ ፎቶ ቤት ብንሄድ አይሻልም?» አለች አክስት ይርገዱ። «እዚያ መብራት አለኝ።»

«መጋረጃ ላይ የተሳለው ባሕር ፊት ልታቆሚኝ?» አሉ አባባ። «እኔ ዋና አልችልም። እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ኮኩ ዛፍ አጠገብ ይሻለኛል።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ኮኩ ዛፍ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ጋቢው ትናንት ነው የታጠበው። ዓይን ያጭበረብራል።

አክስት ይርገዱ አንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠለች ትንሽ ሳጥን አላት። ሳጥኗ መዳፍ ታክላለች። አንድ የመስታወት ዓይን፣ ብዙ ቁጥሮች፣ አንዲት ቀጭን ቀይ መርፌ አላት።

«መርፌ?» አለች ትርንጎ። ክንዷን ደብቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ይቺኛዋ መርፌ አትወጋም» አለች አክስቷ። «ትጠቁማለች። ሳጥኗ ብርሃን መለኪያ ናት። ብርሃን ሲበዛ መርፌዋ ብድግ ትላለች። ብርሃን ሲያንስ ቁጭ ትላለች። እኔ ቁጥሩን አይቼ የካሜራዬን ዓይን አጠብባለሁ ወይም አሰፋለሁ።»

«ብድግ፣ ቁጭ! እኔን ትመስላለች» አለች ትርንጎ።

«አንቺንስ አትመስልም። እሷ የምትነሳው በምክንያት ነው» አለች አክስቷ።

አክስት ይርገዱ ገመዱን አውልቃ ትርንጎ አንገት ላይ አጠለቀችው። «ካሜራውን እስካቆም ድረስ ያዥልኝ። እንዳትጥያት። ቁጭ በይ።»

ትርንጎ ቁጭ አለች።

ከዚያ ብድግ!

ነጯ ዶሮ ፀሐይ ላይ ትጭራለች። ትርንጎ መለኪያዋን አስጠጋችላት። መርፌዋ ብድግ!

ጥቁሯ ድመት እዚያው ፀሐይ ላይ ተጋድማለች። ትርንጎ መለኪያዋን አስጠጋችላት። መርፌዋ ቁጭ።

የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። መርፌዋ ብድግ!

ከአንሶላው ሥር ከሰል ተከምሯል። መርፌዋ ቁጭ።

ትርንጎ ቆም አለች። ትንሽ ብቻ ነው የቆመችው፤ ለእሷ ግን ብዙ ነው።

«ፀሐይዋ ያው አንድ ፀሐይ ናት» አለች ለራሷ። «ታዲያ መርፌዋ ለነጩ የምትነሳው፣ ለጥቁሩ የምትቀመጠው ለምንድን ነው?»

ማንም አልሰማትም። አክስት ይርገዱ ተራራውን እያየች ነበር። ከጦሳ ላይ አንድ ትልቅ ደመና ቁልቁል ይመጣል።

«ፀሐይዋ ሳትሸፈን ቶሎ እንበል» አለች። «መለኪያዬን አምጪ።»

አክስት ይርገዱ ካሜራው አጠገብ ቆመች። መለኪያዋን ከሩቅ፣ ወደ አባባ አዞረቻት።

መርፌዋ ብድግ!

«ዘጠኝ» አለች አክስት ይርገዱ። «ብርሃኑ ብዙ ነው። የካሜራዬን ዓይን ላጥብበው።» የካሜራውን ቀለበት አዞረች። ክር፣ ክር፣ ክር።

«አክስቴ» አለች ትርንጎ፣ «አምናም ዘጠኝ ነበር?»

«አምናም ዘጠኝ ነበር። አሁን ቁጭ በይ።»

ትርንጎ ቁጭ አለች። ግን ዓይኗ ቁጭ አላለም።

ነጯን ዶሮ አየች። ነጩን አንሶላ አየች። የአባባን ነጭ ጋቢ አየች። አምናም ዘጠኝ፣ ዘንድሮም ዘጠኝ። ታዲያ የአባባ ፊት ዘንድሮም ሊጠፋ ነው?

የአክስት ይርገዱ ጣት ወደ ካሜራው ሄደች። አንዴ ቀጭ፣ አለቀ። አሁን ልትጫን ነው።

ትርንጎ ብድግ!

ሮጣ ካሜራው ፊት ተገተረች። «አክስቴ፣ ቆይ!»

አክስት ይርገዱ ጣቷን ሰበሰበች። ተቆጥታለች። «የአንቺን ጀርባ ላነሳ ነበር እኮ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

ትርንጎ ፈርታለች። ግን ከቦታዋ አልሄደችም።

«መርፌዋ አባባን አላየቻቸውም» አለች። «ጋቢውን ነው ያየችው።»

«መለኪያ አይሳሳትም፣ ትርንጎ። ዞር በይ፣ ደመናው እየመጣ ነው።»

«ተያት እስቲ» አሉ አባባ ከበርጩማቸው። «እኔ እንደሁ ከአምና ጀምሮ ጠፍቻለሁ። የምትፈልገኝ ይቺ ልጅ ብቻ ናት። ትፈልገኝ።»

አክስት ይርገዱ ተነፈሰችና መለኪያዋን ሰጠቻት።

ትርንጎ ወደ አባባ ሮጠች። መጀመሪያ መለኪያዋን ጋቢው ላይ አስጠጋች። መርፌዋ ብድግ! ዘጠኝ።

ቀጥሎ ወደ ፊታቸው አስጠጋቻት። ግን እግሯ አይረጋም፣ እጇም ይንቀጠቀጣል። መለኪያዋ አንዴ ጋቢውን ታያለች፣ አንዴ ፊታቸውን፣ አንዴ ሰማዩን።

መርፌዋ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ!

«እምቢ አለችኝ» አለች ትርንጎ። እንባዋ መጣ። ደመናው የጎረቤት ጣሪያ ላይ ደርሷል።

አባባ ትልቁን እጃቸውን ከክንዷ ሥር አደረጉላት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ።

«እንቁላል እግር አለው እንዴ፣ አባባ?»

«አለው እንጂ። ግን የሚወጣው ዝም ብሎ ለሚጠብቀው ሰው ነው። ነይ አብረን እንጠብቀው። አንድ...»

ትርንጎ ትንፋሿን ዋጠች።

«ሁለት...»

እግሯ ቆመ።

«ሦስት...»

እጇ ቆመ።

መርፌዋም ቁጭ አለች። አልተነሳችም።

«አራት» ብላ ትርንጎ ቁጥሩን በሹክሹክታ አነበበች።

አክስት ይርገዱ መጥታ አየች። ጋቢው ዘጠኝ። የአባባ ፊት አራት። ግንባሯን በእጇ መታች።

«ለካ አምና ያጠፋሁዎት እኔው ነኝ፣ አባዬ» አለች። «ነጭ ነገር ብርሃኑን መልሶ ይረጫል፤ ለጋቢው ብዬ የካሜራዬን ዓይን አጠበብኩት። ለፊትዎ የሚበቃ ብርሃን ሳይገባ ቀረ።»

ሮጣ የካሜራውን ቀለበት ወደ ኋላ መለሰች። ክር፣ ክር፣ ክር፣ ክር፣ ክር። የካሜራው ዓይን ሰፋ።

«በይ አሁን ዞር በይልኝ፣ የኔ ቁንጫ።»

«የለም» አሉ አባባ። «ፈልጋ ያገኘችኝ እሷ ናት። ከጎኔ ትሁን።»

ትርንጎ አባባ ጎን ቁጭ አለች። የጋቢውን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ አለች በልቧ።

አባባ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። «እንቁላሉ መጣ» አሏት።

ትርንጎ ሳቀች። አባባም ሳቁ። «ፍስስስ!»

«ቀጭ!» አለ ካሜራው።

ደመናው ፀሐይዋን ሸፈናት። አለቀ።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። «ጡጥ! ጡጥ!» አባባ ይመር ሄዱ። ፎቶው ግን ገና አልታጠበም።

«አክስቴ፣ ወጣ?»

«ገና ነው።»

ቁጭ፣ ብድግ!

«አክስቴ፣ አሁንስ ወጣ?»

«ገና ነው አልኩሽ እኮ።»

ቁጭ፣ ብድግ! ቁጭ፣ ብድግ! ትርንጎ ሦስት ቀን ሙሉ ስትነሳ ስትቀመጥ ሰነበተች።

በአራተኛው ቀን አክስት ይርገዱ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባቻት። ፎቶ የሚታጠበው እዚያ ነው። አንዲት ቀይ አምፖል ብቻ በርታለች።

አክስት ይርገዱ ነጭ ወረቀት የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ያለበት ሳሕን ውስጥ ነከረች። ወረቀቱ ባዶ ነው። አባባ የሉም።

ትርንጎ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች። ብድግ አላለችም። «አንድ...» አለች። «ሁለት... ሦስት...»

ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ብቅ አሉ። የአባባ ዓይኖች ናቸው።

ከዚያ ቅንድባቸው መጣ። ከዚያ አፍንጫቸው። ከዚያ ሳቃቸው። በሳቃቸው መሃል ደግሞ ያቺ ቀዳዳ።

«ፍስስስ» አለች ትርንጎ።

አክስት ይርገዱ ዓይኗን ጠረገች። «መድኃኒቱ ነው የሚያስለቅሰኝ» አለች። መድኃኒቱ አልነበረም።

ከአባባ ጎን ትርንጎም አለች። ፊቷ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። አንድ እግሯ ግን ጭስ መስሏል።

«አየሽ?» አለች አክስቷ። «እግርሽ ብድግ ብሏል።»

«አንዱ ብቻ ነው» አለች ትርንጎ።

አክስት ይርገዱ ፎቶውን ሁለት አድርጋ አጠበችው። አንዱን የአውቶቡሱ ሹፌር ለአባባ ይዞላቸው ሄደ። አንዱ የትርንጎ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሹፌሩ ከመካነ ሰላም ተመልሶ የእነ ትርንጎን በር አንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

«ትርንጎ የምትባለዋ ማን ናት?» አለ። «አባባ ይመር ልከውኛል። ‹ተገኝቻለሁ በላት› ብለው ሦስቴ አስደገሙኝ። ተገኝቻለሁ ብለውሻል።»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ በሩ ላይ ሰባት ጊዜ ዘለለች። በዚያ ቀን ማንም ቁጭ በይ አላላትም።

ሲመሽ ትርንጎ አልጋዋ ላይ ወጣች። ፎቶውን ትራሷ አጠገብ አስደግፋ አቆመችው። መለኪያዋንም አክስቷ ለዛሬ ሌሊት አውሳታለች።

ከአንሶላዋ ውስጥ ሆና መለኪያዋን ወደ አምፖሉ አዞረች። መርፌዋ ብድግ!

እናቷ መጥታ ግንባሯን ሳመቻት። «መብራት ላጥፋ?»

«አጥፊው» አለች ትርንጎ። «አባባ፣ ደህና ይደሩ።»

ጠቅ።

መርፌዋ ቁጭ።

ትርንጎም እስኪነጋ ድረስ ብድግ አላለችም።