ሁለት እንቁላል

«ዛሬ ጠዋት ምን በሉ አባት?» አለች ነርሷ፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር የመጣው አባት የሆስፒታሉን ጋውን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሙያው ልብስ ሰፊነት ነውና ጋውኑን ማን እንደዚህ አበላሽቶ እንደሰፋው ሲያማ ነው ያረፈደው። «ሁለት እንቁላል በዳቦ» አለ በኩራት። «ሻይም ነበረ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ነርሷ ወጥታ ሐኪሙን ይዛ ተመለሰች። እሱም ብዙ አላወራም፤ ሆዱ ውስጥ ምግብ ያለ ሰው ማደንዘዣ አይሰጠውም፣ ዛሬ ቀዶ ጥገና የለም ብሎ ሄደ። የሚቀጥለው ክፍት ቀን ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የሐሞት ጠጠር ሲያሰቃየው ለከረመ ሰው ሃያ ሦስት ቀን ተጨመረለት።

«ወረቀቱ ላይ እኮ ተጽፏል! አላያችሁትም?» አለች ነርሷ።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ወረቀቱማ ታይቷል። ያየችውም እሷ ናት።

«እኔ ነኝ የዘነጋሁት» አለ አባቷ፣ ወደ እሷ ሳይዞር። «ሆዴ ነው ጉድ የሠራኝ።»

ማልቀስ ነበረባት። ምንም አልመጣላትም። እጇም ፊቷም የሌላ ሰው መሰላት። የጋውኑን ጠማማ ስፌት ታያለች።

ቤት ውስጥ «ዶክተር» ነው የምትባለው። በባዮሎጂ ከክፍሏ አንደኛ ከወጣች ወዲህ የመድኃኒት ወረቀት የያዘ ዘመድ ሁሉ እሷን ፍለጋ ይመጣል። ደግሞም ደስ ይላታል፣ ምን ይደበቃል! ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ የቀጠሮውን ወረቀት ሰጠቻት። ከቀኑና ከሰዓቱ ሥር ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ተጽፈዋል፤ ኤን፣ ፒ፣ ኦ። ምን እንደሆኑ አታውቅም። አክስቷ ግን አጠገቧ ተቀምጣ «አቤት ይቺ ልጅ! ለቁም ነገር ያብቃሽ» እያለች ነበር። እንዴት ብላ አላውቅም ትበል?

«ኤን ኖርማል፣ ፒ ፔሸንት፣ ኦ ኦፕሬሽን» አለች ሳታቅማማ። «ደህና ነው፣ ኦፕሬሽኑን ይችላል ማለት ነው።»

«እሰይ!» አለች እናቷ። ጠዋትም «ባዶ ሆዱንማ አይቀደድም» ብላ እንቁላሉን ጠበሰች።

አሁን እናቷ ታክሲ ልትጠራ ወጥታለች። አባትና ልጅ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አባቷ ቀኝ ጎኑን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው አዲሱን ወረቀት ዘረጋላት። «በይ ዶክተርዬ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይላል?»

ከማስታገሻው ስም ቀጥሎ ፒ፣ አር፣ ኤን ይላል። ጭንቅላቷ ማንም ሳያዘው መገመት ጀመረ።

«አላውቀውም» አለች። «የትናንቱንም አላውቀውም ነበር አባዬ። ገምቼ ነው የነገርኳችሁ።»

«ገብቶኛል። ነርሷ ስትጠይቅ ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«እና ሰው ፊት ላዋርድሽ?» ጎኑን ጠበቅ አደረገው። «ግን ተናድጃለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ነው የተናደድኩት።»

ወረቀቱን ይዛ ተነሳች።

ነርሷ ያለችበት መስኮት ጋ ሰልፍ ነበረ። ተራዋ ሲደርስ «ሲስተር፣ አባቴ አልዘነጋም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩት» አለች።

ነርሷ ትክ ብላ አየቻት። «የትናንቱ ኤን ፒ ኦ በአፍ ምንም አይግባ ማለት ነው፤ ምግብም ውሃም። በቃልም ልንነግራችሁ ይገባ ነበር፣ እሱስ የኛ ጥፋት ነው። አባትሽ በልቻለሁ ባይሉ ኖሮ እንቅልፍ ላይ እያሉ ምግቡ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችል ነበር።»

«ከዚያስ?»

ነርሷ ጣቷን አዲሱ ወረቀት ላይ አሳረፈች። «ይሄኛው ደግሞ ሲያምዎት ብቻ ይውሰዱ ማለት ነው። ጻፊው።»

ልጅቷ ጻፈችው። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከአዲሱ ቀጠሮ ሥር፣ ያው ኤን ፒ ኦ ተጽፎ አየች። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ አለ፤ ኤም፣ ኤን። ግምቱ ወዲያው ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። የሚሆንም ይመስላል።

«ነይ እንጂ አንቺ ልጅ!» እናቷ ከውጭ ተጣራች። «ታክሲው ሊሄድ ነው!»

«ይሂድ እማዬ፣ ሌላ እንይዛለን» አለችና ተመልሳ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። ከፊቷ ዘጠኝ ሰው ነበረ።